በድረ ገጽ የሚነግድ ሰው ሊያጠፋው የማይገባው መስመር

ዕቃውን በድረ ገጽ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ገዢው ሁሉ በማውስ እየጠቆመ ወይም ስክሪኑን በጣቱ እየነካ የሚገበያይ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ክንዱ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በኪቦርድ ብቻ ነው። ይህ ገዢ ታብ የተባለውን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር በገጹ ላይ ካለው አንዱ አዝራር ወደ ሌላው ይሸጋገራል። የት እንደ ደረሰ የሚያውቀውም በደረሰበት አዝራር ዙሪያ በሚታየው መስመር ነው።

ይህን መስመር ብራውዘሩ ራሱ ያሰምረዋል። ይሁን እንጂ አንዳንድ የገጽ ሠሪዎች መልክ ያበላሻል በማለት ያጠፉታል። ያን ጊዜ ገዢው መብራት በጠፋበት ሱቅ እንደሚዳብስ ሰው ይሆናል፤ «ክፈል» የሚለውን ይሁን «ሰርዝ» የሚለውን እንደሚጫን ስለማያውቅ ሳይገዛ ይሄዳል። ባለ ሱቁም ገዢ ማጣቱን እንኳ አይሰማም።

መፍትሔው መስመሩን ማጥፋት ሳይሆን ከገጹ መልክ ጋር አስማምቶ ማሳመር ነው። ለዚህም ገጽ ሠሪው የሚከተሉትን እንዲፈጽም ማዘዝ ይገባል፦

1ኛ/ መስመሩ ቢያንስ የ2 ፒክስል ውፍረት ይኑረው።

2ኛ/ ከአጠገቡ ካለው ቀለም ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ከ3 ለ1 አይነስ፤ በነጭ ላይ ፈዛዛ ቢጫ አይበቃም፣ ደማቅ ሰማያዊ ግን ይበቃል።

3ኛ/ በጥላ ብቻ አይሠራ፤ የዊንዶውስን ከፍተኛ የቀለም ልዩነት የሚጠቀም ሰው ጥላውን አያየውምና፣ አውትላይን በተባለው ትእዛዝ ይሰመር።

4ኛ/ ከገጹ ራስጌ ወይም ግርጌ የማይነቃነቅ ማስታወቂያ አይሸፍነው።

5ኛ/ በማውስ ለሚጫን ሰው መስመሩ እንዳይታይ የሚፈልግ፣ ፎከስ ቪዚብል የተባለውን ትእዛዝ ይጠቀም።

መስመሩ እንዲታይ የሚያዘው ዓለም አቀፍ መመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ወጥቶ በ2018 እና በ2023 ተሻሽሏል። ከዚህም በላይ ለአውሮፓ ኅብረት ሸማቾች በድረ ገጽ በቀጥታ የሚሸጥ ላኪ፣ የኅብረቱ የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 28 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ መዋሉን ልብ ይበል። ሠራተኞቹ ከ10 በታች ሆነው ዓመታዊ ሽያጩ ወይም ጠቅላላ ሀብቱ ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ አገልግሎት ሰጪ ግን ከግዴታው ነጻ ነው።

የገጹን ነገር ለመመርመር ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ባለ ሱቁ ማውሱን ወደ ጎን አድርጎ፣ በታብና በኢንተር ቁልፍ ብቻ ከራሱ መደብር አንድ ዕቃ መርጦ እስከ ክፍያው ይሂድ። በመንገዱ ላይ የት እንዳለ የጠፋበት ስፍራ ቢገኝ፣ ገዢውም የሚጠፋው በዚያው ነው።