ቀሪው 156 ሰዓት

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው በተለመደው ሥርዓት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከማሽኑ ጋር ይቆያል። ድምሩ 12 ሰዓት ነው። ቀሪው 156 ሰዓት የማን ነው? ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ «የበሽታው» ይመስላል።

ነገሩ የሚጀምረው በፍቅር ነው። እናት ሲታመሙ ልጆች ይሰበሰባሉ። «አንቺ ተቀመጪ እማዬ፣ እኛ አለን» ይባላል። የጓዳው ቁልፍ፣ የዕቁቡ ሂሳብ፣ የበርበሬው ዝግጅት አንድ በአንድ ከእጃቸው ይወጣል። የልጅ ልጆች ጫጫታ ሳይቀር ከሳሎን ይባረራል። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ቤቱን ያቆሙት እናት የገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። ጠያቂ ሲመጣ እንኳ «እንዴት አደሩ? ምን ቀመሱ?» የሚባለው ልጅ ነው፤ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው።

ጥንቃቄው ቀልድ አያውቅም። ኩላሊት ሽንት ማውጣት ሲያቆም የተጠጣው ሁሉ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ሲብስም ሳንባ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ ውሃ፣ ሻይ፣ ሾርባ ሁሉ ሐኪም በወሰነው ልክ ይቆጠራል። ጠበልም ፈሳሽ ነው፤ በጆግ መጠጣቱ አደጋ ስላለው ከሐኪሙም ከንስሐ አባትም ጋር መነጋገር ይገባል። ጨው ጥም ያመጣል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና ድንች ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ እሱ ደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምትን ስለሚያዛባ እንዳሻ አይበሉም። ለእጥበቱ የደም ሥር የተቀጠለበት ክንድ ከባድ ዕቃ አይሸከምም፣ የደም ግፊትም አይለካበትም።

ልብ ይበሉ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ምስር መልቀም የለም። የልጅ ልጅን የቤት ሥራ ማየት፣ የዕድር መዝገብ መያዝ፣ በረንዳ ላይ ያለውን በሶብላ ውሃ ማጠጣት፣ ሽሮው ውስጥ ምን ያህል ኮረሪማ እንደሚገባ መወሰን የለም። ሐኪሙ የከለከለው ፈሳሽና ጨው ነው፤ ሌላውን የከለከልነው እኛ ነን።

ቡናን እንውሰድ። ስኒ ትንሽ ናት፤ በተፈቀደው ፈሳሽ ውስጥ ተቆጥራ አቦሏን መጠጣት ይቻል እንደሆነ ሐኪም ይጠየቃል። ቶናውና በረካው ቢቀሩ እንኳ ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ ወሬው አይቀርም። «እሳቸው ስለማይጠጡ» ተብሎ ረከቦቱ ከሳሎን የተነሳበት ቤት አለ። ይልቅ ቡናውን እሳቸው ይቁሉት።

በእርግጥ ቀኑ ሁሉ አንድ አይደለም። ከእጥበት የተመለሱበት ምሽት ብዙ ጊዜ የድካም ነው፤ መብራት ቀንሶ መተው ነው። እንግዳው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ለማግስቱ ይቀጠር። ክፍለ ሀገር ያለ ሠርግም ቢሆን በሚሄዱበት ከተማ የእጥበት ማዕከል ካለ አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ይቻላል።

አራቱ ሰዓትም ባዶ አይደለም። አንዱ ክንድ መርፌ ላይ ነው፤ ሌላው ነፃ ነው። መጽሐፍ የሚገልጥ አለ፣ በስልክ ትረካ የሚያዳምጥ አለ፣ የሱቁን ሂሳብ የሚሠራ አለ። በአንድ ፈረቃ የሚታጠቡ ሰዎች ደግሞ እየቆዩ ዘመድ ይሆናሉ፤ የልጅ ምርቃት ይነጋገራሉ፣ ስለ ኪሎ ጭማሪ ይቀላለዳሉ። አንዱ አልጋ ባዶ የዋለ ቀን ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ያውቃሉ። ያን ዕለት ወሬ አይኖርም።

የገንዘቡ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ሦስቱን መክፈል አቅቶት በሳምንት ሁለቴ የሚታጠበው ብዙ ነው፤ ቤት የሸጠ፣ መኪና የሸጠ አለ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሀገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ወደ ቤት ገብቷል፤ ከዘመድ ማን ይስጥ? ልጅ «እኔ እሰጣለሁ» ሲል እናት «አንተን አስቆርጬ አልኖርም» ሊሉ ይችላሉ። እሺታውም እምቢታውም ከራሳቸው አፍ ይሰማ፤ ልጆች በር ዘግተው ኮሪደር ላይ በሹክሹክታ የሚጨርሱት ጉዳይ አይደለም።