የብሪታንያ ባቡር አድማ ለምን ሁለት ዓመት ፈጀ?

ጁን 21 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ከ40 ሺህ በላይ የብሪታንያ ባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከአምስት ባቡር አራቱ ቆሞ ዋለ። የተቀረውም ቢሆን፣ የመስመር ምልክት የሚቆጣጠሩት አድማ ላይ ስለነበሩ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡30 በፊትና ከምሽቱ 12፡30 በኋላ አልሠራም። ጎህ ሳይቀድ ሥራ የሚገባ የጽዳት ሠራተኛ፣ ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣ ነርስ፣ እንግዲህ እንደ ፍጥርጥሩ።

ጥያቄው ደመወዝ ነበር፤ ኑሮ ተወድዷል። ክርክሩን ያራዘመው ግን ሌላ ነው። ከኮሮና ወዲህ የቲኬቱን ገቢ የሚወስደውም ወጪውን የሚሸፍነውም መንግሥት ሆኖ ነበር፤ የባቡር ኩባንያዎቹ የሚያገኙት የአገልግሎት ክፍያ ነበር። ስለዚህ ባቡር ሲቆም ኪሳቸው ብዙም አይነካም ነበር። ሠራተኛ ማኅበራቱ ከኩባንያዎቹ ጋር ይደራደሩ ነበር፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን መንግሥት ነበር፤ ሚኒስትሮቹ ደግሞ «ድርድሩ የእነሱ ነው» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ድርድር ቶሎ ቢያልቅ ነበር የሚገርመው። በጃንዋሪ 2023 የባቡር ሚኒስትሩ ሂው ሜሪማን ለፓርላማ ኮሚቴ ሲናገሩ፣ በገንዘብ ብቻ ከታየ አድማው ያስከተለው ወጪ ከስምምነቱ እንደሚበልጥ አምነዋል። መንግሥት ግን ጭማሪው ያለ አሠራር ለውጥ አይሰጥም ብሎ ጸና።

እንዲለወጥ ከተፈለገው አሠራር አንዱ የእሑድ ሥራ ነው። በብዙ ኩባንያዎች እሑድ ከመደበኛው የሥራ ሳምንት ውጭ ነው፤ ባቡሩ የሚነዳው በፈቃደኛ የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ ነው። ነጂዎቹ ትርፍ ሰዓት አንሠራም ካሉ አድማ ሳይጠራም ጉዞ ይሰረዛል። ለተሳፋሪ ይህኛው ሳይብስ አይቀርም፦ የአድማ ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፣ የሚሰረዘው ባቡር ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

በ2023 የወጣ ሕግ በአድማ ቀን 40 በመቶው ባቡር እንዲሠራ ማስገደድ ፈቀደ። በጃንዋሪ 2024 ኤል ኤን ኢ አር የተባለው ኩባንያ ሊጠቀምበት ሲያስብ፣ የነጂዎቹ ማኅበር አዝሌፍ አምስት የአድማ ቀን ጨመረ። ኩባንያው ሐሳቡን ተወ፣ ማኅበሩም አምስቱን ቀን ሰረዘ። ከዚያ ወዲያም በሕጉ ለመጠቀም የደፈረ ኩባንያ አልነበረም።

በጁላይ 2024 መንግሥት ተቀየረ። አዲሱ፣ ለሦስት ዓመት 5፣ 4.75 እና 4.5 በመቶ ጭማሪ ያለ አሠራር ለውጥ አቀረበ፤ በሴፕቴምበር ድምፅ ከሰጡት ነጂዎች ከ96 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተቀበሉት። ተቃዋሚዎች ገንዘቡ በነፃ ተሰጠ ብለው ወቀሱ። የእሑዱ ጉዳይም በዚያ ስምምነት ሳይነካ ቀረ።