"የመከነ" ሲባል ምን ማለት ነው?

"መከነ" የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። መውለድ ያልቻለ ሰው መካን ይባላል። የማይፈነዳ እንዲኾን የተደረገ ቦምብ መከነ ይባላል። በእግር ኳስ ዘገባም አጥቂው ያገኘውን ዕድል አመከነ ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ሊወለድ፣ ሊፈነዳ ወይም ግብ ሊኾን የነበረው ነገር ሳይኾን ቀረ ማለት ነው።

ሕክምናም ቃሉን የወሰደው በዚሁ ፍቺ ነው። አንድ መሣሪያ መከነ የሚባለው በላዩ ላይ ዳግም ሊራባ የሚችል አንድም ተሕዋስ ሳይቀር ነው። እንግሊዝኛው ከላቲን የወረሰው "ስቴራይል" የሚለው ቃልም መነሻ ፍቺው መካን ነው።

ብዙዎች "ንጹሕ" እና "የመከነ" የሚሉትን ቃላት ያምታታሉ። በሳሙና የታጠበ ምላጭ ንጹሕ ነው፤ በአልኮል ሲጠረግ ደግሞ አብዛኞቹ ጀርሞች ይሞታሉ። ይሁንና አልመከነም። የመንጋጋ ቆልፍ አምጪው ባክቴሪያ ክፉ ቀንን በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ አፈር ውስጥ እንዳለ ዘር አድፍጦ ያሳልፋል። አልኮል ይህን ሽፋን አያልፍም። በቤት ውስጥ በሚደረግ ወሊድ የጨቅላው እትብት ባልመከነ ስለት ሲቆረጥ ባክቴሪያው በቁስሉ ሊገባ ይችላል፤ በሽታው ደግሞ ለጨቅላ ገዳይ ነው።

"ውኃ አፍልቼ ቀቅየዋለሁ" ማለትም በቂ አይደለም። በደጋ አካባቢዎች ነገሩ ይብሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይኾን በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ያደፈጡት ተሕዋስያን ይህን ሙቀት ይቋቋማሉ።

ለዚህ ነው የጤና ተቋማት አውቶክሌቭ የሚጠቀሙት። ፈረንሳዊው ቻርልስ ሻምበርላንድ በ1879 እ.አ.አ የሠራው ይህ መሣሪያ እንደ ፕሬዠር ድስት እንፋሎትን አምቆ ሙቀቱን ወደ 121 ዲግሪ ያደርሳል። በጨርቅ የተጠቀለሉ መሣሪያዎች በዚህ ሙቀት 30 ደቂቃ ያህል ይቆያሉ።

ንጽሕና ደረጃ አለው፤ አንዱ ከሌላው የበለጠ ንጹሕ ሊኾን ይችላል። መምከን ግን ደረጃ የለውም፤ "በመጠኑ የመከነ" አይባልም። ጥቅሉ የተቀደደ ወይም የረጠበ መርፌ ገና ያልተነካ ቢመስልም እንደመከነ አይቆጠርም። ታካሚ ጥቅሉ ከፊቱ እንዲከፈት ቢጠይቅ መብቱ ነው።