«ሲሚላሪቲው ስንት መጣ?»

ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1976 በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረው ተቋም በ1992 ዓ.ም. የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲው ዛሬ የከተማዋን ስም ይዟል፡፡ እናም መሃል ከተማ ካፌ ውስጥ ሁለት መምህራን ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ፣ ወሬው ወደ ጆርናል መዞሩ አይቀርም፡፡ ለማዕረግ ዕድገት የታተመ ጥናት ይጠየቃልና!

«ሲሚላሪቲው ስንት መጣ?»

«አሥራ አምስት በመቶ፡፡»

«እንግዲያው አልፈሃል!»

እውን አልፏል?

እንደ ተርኒቲን ያሉ ሶፍትዌሮች የቀረበላቸውን ጽሑፍ በቋታቸው ካለው ጋር ያነጻጽሩና የተመሳሰለውን በመቶኛ ያሳያሉ፡፡ መመሳሰል ግን የግድ ስርቆት አይደለም፤ የማጣቀሻ ዝርዝርና የተለመደ የአሠራር ገለጻ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፡፡ አለመመሳሰልም ለንጽሕና ማስረጃ አይሆንም፡፡ የአማርኛ ሪፖርት ወደ እንግሊዝኛ መልሶ የራሱ ያደረገ፣ ወይም ኢንተርኔት ላይ ካልወጣና መደርደሪያ ላይ አቧራ ከለበሰ የመመረቂያ ጽሑፍ የገለበጠ ሰው በዝቅተኛ ቁጥር ሊያልፍ ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2022 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ፕሮግራሞች የሰውን ዓረፍተ ነገር በደቂቃ ሌላ ልብስ ያለብሱታል፡፡

ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብ የተገለጸበትን መንገድ እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም፡፡ የምሁራን ሥነ ምግባር ግን ከሕጉ ይሰፋል፡፡ የሌላውን ሐሳብም ሆነ መረጃ ምንጭ ሳይጠቅሱ መውሰድ፣ የራስን የታተመ ሥራ እንደ አዲስ ማሳተምም ጭምር ነውር ነው፡፡

ስርቆቱ ከገምጋሚም ሊመጣ ይችላል፡፡ አሜሪካዊው ሐኪም ማይክል ዳንሲንገር ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የሕክምና ጆርናል ውድቅ ተደረገበት፡፡ በ2016 ያው ጥናት በሌሎች ሰዎች ስም ሌላ ጆርናል ላይ ታትሞ አገኘው፡፡ ከአሳታሚዎቹ አንዱ ለመጀመሪያው ጆርናል ጽሑፉን የገመገመው ሰው ነበር! ጥናቱ ከታተመበት ጆርናል ተሰረዘ፡፡

ዳንሲንገር ድምፁን የሚያሰማበት መድረክ ነበረው፡፡ በገጠር ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ መጠይቅ ያስሞላ የማስትሬት ተማሪ ግን ሥራው ያለ ስሙ ቢታተም ለማን አቤት ይላል? አማካሪውን እንዳይከስ የምረቃው ነገር ያሳስበዋል፡፡

መፍትሔው ውድ አይደለም፡፡ ተማሪና አማካሪ የስም ቅደም ተከተሉን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስማሙ፡፡ ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፎችን ኢንተርኔት ላይ ያውጡ፤ የሚታይ ነገር ለመስረቅ አይመችምና፡፡ አዘጋጆችም ጥሬ መረጃውንና ማን ምን እንደሠራ ይጠይቁ፡፡

ያኔ ካፌው ውስጥ የሚነሣው ጥያቄም ይለወጣል፤ «ስንት መጣ?» መባሉ ቀርቶ «የማን ሥራ ነው?» ይባላል፡፡