ከራያ ቆላ እስከ ዓሣ አንበሪው ባሕር

ቆቦ ውስጥ ዓሣ አንበሪን በስሙ የማያውቅ ሰው አይገኝም። በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ የሰማው ክርስቲያን፣ የነቢዩ ዩኑስን ታሪክ ከሼሆቹ አፍ የተቀበለው ሙስሊም፣ ሁለቱም ያውቁታል። በዓይኑ ያየው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጎሊናን የመሰለው ወንዝ እንኳ ከደጋው ወርዶ የራያን ማሽላ ካጠጣ በኋላ ወደ አፋር በረሃ ገብቶ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ወንዙ ያልደረሰበትን ሰውም እምብዛም አይደርስበትም።

የሆነ ሆኖ አንባቢ ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ ያኑርበት። ከቆቦ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ በቀጥታ ሲለካ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከቆቦ እስከ አዲስ አበባ ግን በዚያው ማስመሪያ 360 ያህል ይሆናል። እንግዲህ የቆቦ ሰው ከዋና ከተማው ይልቅ ለባሕሩ ይቀርባል ማለት ነው። ባሕሩ የራቀው በልኬት ሳይሆን በመንገድ፣ በሙቀትና ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በድንበር ነው።

ባሕሩም ራሱ ዱሮ ከዚህ ይበልጥ ቀርቦን ነበር። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ሞልቶ ወደ ደናክል ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ እንደነበር የሥነ ምድር ሊቃውንት ያረጋገጡት፣ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች በሆነው በዚያ ደረቅ በረሃ ላይ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ዛጎልና ኮራል አግኝተው ነው። ውሃው መውጫ አጥቶ በፀሐይ ነደደና ጨዉን ትቶ ሄደ። በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ የዚያ ባሕር ትራፊ ነው።

አሁን ወደ ዓሣ አንበሪው እንመለስ። በዓለም ላይ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው፣ አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ወደ ሞቃት ደሴቶች እየሄዱ ከዓሣ አንበሪ ጋር ይዋኛሉ ቢባል የራያ ሽማግሌ «አበስኩ ገበርኩ» ሳይል አይቀርም። ነገሩ ግን እውነት ነው። በይበልጥ የሚፈለገው ዓይነት ፈረንጆቹ «ጎባጣው» ይሉታል፤ እኛ በሬዎቻችንን አይተን ሻኛማው ብንለው ያምርበታል። ርዝመቱ እስከ 15 ሜትር፣ ክብደቱ እስከ 30 ቶንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሁለቱ የጎን ክንፎቹ ብቻ የሰውነቱን ሢሶ ያህላሉ። ዓሣ ተብሎ ይጠራ እንጂ ዓሣ አይደለም፤ አየር ይስባል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። ጉሮሮውም ጠባብ ስለ ሆነ ሰው ሊውጥ አይችልም። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2021 አንድ የአሜሪካ ጠላቂ አጥማጅ በስሕተት አፉ ውስጥ ገብቶ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ተተፍቶ በሕይወት ወጥቷል።

የዋናው መሣሪያ ቀላል ነው፤ የመስተዋት ጭንብል፣ የዳክዬ እግር የመሰለ የጎማ መቅዘፊያ፣ በአፍ የሚያዝ አጭር የመተንፈሻ ቱቦ። ተማሪዎች ቱቦው ለምን አጭር እንደ ሆነ ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ሰው አንድ ሜትር ያህል ከጠለቀ የውሃው ክብደት ደረቱን ስለሚጫነው ሳንባው ከላይ ያለውን ተራ አየር ለመሳብ ኃይል ያጣል። ቱቦው ቢረዝም ምንም አይረባም። ስለዚህ ዋናተኛው ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ በውሃው ገጽ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዓሣ አንበሪውም ከሥሩ ነው። እናቲቱ ታች ስታርፍ ግልገሉ ሳንባው ትንሽ ስለ ሆነ በየጥቂት ደቂቃው ለትንፋሽ ብቅ ይላል። ሰዎቹ የሚጠብቁት ያችን ቅጽበት ነው።

ወንዱ ደግሞ ይዘፍናል። በ1971 በኤውሮፓ አቆጣጠር ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ድምፅ እንደ ዘፈን ሥርዓትና ድግግሞሽ እንዳለው በ«ሳይንስ» መጽሔት አስረድተዋል። በአንድ ባሕር ያሉ ወንዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ዜማ ያሰማሉ፤ ዜማውም ከዓመት ወደ ዓመት ይለወጣል። የትኛው አዝማሪ እንደሚያወጣውና ሌሎቹ እንዴት እንደሚቀበሉት ማወቅ ደስ ባለኝ ነበር።

በዚህ ሥራ የታወቀችው በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለችው የቶንጋ መንግሥት ናት። ንጉሧ በ1978 በኤውሮፓ አቆጣጠር አደኑን በአዋጅ ከለከሉ፤ ከጊዜ በኋላ የደሴቶቹ ሰዎች ጎብኚ እያስዋኙ መተዳደር ጀመሩ። ሕጉ በአንድ ጊዜ ከአራት ዋናተኞችና ከአንድ መሪ በላይ ውሃ እንዲገባ አይፈቅድም። ይህ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። እናቲቱ በወሊድ ጊዜ በሞቃቱ ባሕር ሳለች ከሞላ ጎደል ምንም አትበላም፣ ወተት የምታመነጨው ካከማቸችው ስብ ነው። ጀልባ ባባረራት ቁጥር ከግልገሏ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ጎብኚ ሲበዛ ሕግ የማስከበሩ ፈተና የወጣት ሹማምንት ፈተና ነው፤ እኛም ዘንድ በዋልያና በጭላዳ ዙሪያ የምናውቀው ነገር ነው።

ሻኛማው ወደ ቀይ ባሕር እምብዛም አይገባም። ለእኛ የሚቀርበው መንጋ በዓረብ ባሕር፣ በኦማን ጠረፍ ያለው ነው። እነዚህ እንደ ሌሎቹ ወደ ዋልታ አይሰደዱም። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን በዚያ ባሕር ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ቀዝቃዛና ምግብ የሞላበት ውሃ ከጥልቁ ስለሚያወጣላቸው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይውላሉ። ከወገኖቻቸው ከተለዩ 70 ሺህ ዓመት ያህል እንደ ሆነ የዘር ምርመራ አሳይቷል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1965 እና በ1966 ግን የሶቪየት አዳኝ መርከቦች ደርሰው 242ቱን ገደሉ፤ ይህም በይፋ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ኋላ በኦማን ጠረፍ በፎቶግራፍ እየተለዩ ሲቆጠሩ ግምቱ 82 ሆኖ ተገኘ። ከአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ተማሪ ያነሰ ነው።

ለጎብኚ ቅርብ የሆነው ሌላ ፍጡር ነው። ከቆቦ በቀጥታ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጂቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ በሚባለው ጠረፍ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ዓሣ አንበሪ ሻርክ የሚሉት ይሰበሰባል። ይህኛው በእርግጥ ዓሣ ነው፤ ከዓሦችም ሁሉ ትልቁ። ሰው አይነካም፤ አፉን ከፍቶ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳትን እያጣራ ይመገባል። አርታ ላይ የሚታዩት በብዛት ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። ከነዚህም ብዙዎቹ ጀልባ የቧጨረው ጠባሳ አለባቸው። እንግዶች በሕይወት ማዳኛ ሰደርያና በመሪ እየታገዙ ከጎናቸው ይዋኛሉ።

እንግዲህ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በሰሜን በኩል፣ ኦቦክ አለች። የራያ ሰው የሚያውቃት እሷን ነው። ከሰሜን ወሎ ወደ ዓረብ አገር የሚነሡ ወጣቶች በጭፍራና በሚሌ አድርገው፣ አፋርን አቋርጠው፣ የጂቡቲን የሚያቃጥል ድንጋይ በእግራቸው ተጉዘው ባሕር የሚያዩት እዚያ ነው። ብዙዎቹ ባሕርን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፣ ዋና የሚችለውም ጥቂት ነው። የኖሩበት ውሃ ወይ በክረምት ደርሶ እርሻ ላይ የሚጠለፍ ጎርፍ ነው፣ ወይ ከጉድጓድ የሚቀዳ ነው።

በመጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን የጫነ ጀልባ ጂቡቲ ጠረፍ አጠገብ ተገልብጦ ቢያንስ 38 ሰው ሞተ፣ ከነሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በሚያዝያ አጋማሽ፣ በዚያው አካባቢ ሌላ ጀልባ ሰጠመ። በመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ጀልባ 310 ሰው ከየመን ሲመለስ ደላሎቹ ተሳፋሪዎቹን የብስ በሚታይበት ቅርበት ወደ ባሕር እንዲዘልሉ አስገደዷቸው፤ ቢያንስ 45 ሰው ሞተ። በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን ጠረፍ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ150 በላይ ተሳፋሪዎች የነበሩበት ጀልባ ሰጠመ። የመጀመሪያው ቁጥር 68 ሙታን ነበር፤ የጠፉትም ከዚያ አላነሱም።

እዚህ ላይ ስለ ዋና አንድ ነገር ማለት አስፈላጊ ነው። ጨዋማ ውሃ ከወንዝ ውሃ ይልቅ ሰውን ያንሳፍፋል። አርታ ላይ ጎብኚው የሚማረው የመጀመሪያው ትምህርትም መዋኘት አይደለም፤ አለመደንገጥ፣ በጀርባ ተንጋሎ ደረትን በአየር ሞልቶ መቆየት ነው። በውሃ ውስጥ ቆሞ እጁን ወደ ላይ የሚያነሣ ሰው ራሱ ወደ ታች ይገባል። ይህን ትምህርት ለመስጠት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ይህን ስል ዋና የተማረ ሰው የደላላ ጀልባ ይሳፈር ማለቴ አይደለም፤ መቶ ሰው የተጨናነቀበትን ጀልባ የባሕር ማዕበል ሲመታው ጎበዝ ዋናተኛም አይተርፍ ይሆናል። ነገር ግን ጎሊና በክረምት ደራሽ ሆኖ ሲመጣ ልጆችን የሚወስደው በኦቦክ በኩል የሚሄዱትን ብቻ መርጦ አይደለም።

ባሕርን በሌላ በር የሚፈልግ ወጣትም መንገድ አለው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የባሕር ማሠልጠኛ ተቋም የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶችን ለመርከብ ሥራ ያዘጋጃል። ምሩቃኑ በዓለም መርከቦች ላይ ተቀጥረው ይሠራሉ። ማንኛውም መርከበኛ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ከነሰደርያው ውሃ ውስጥ መዝለልንና ተንሳፍፎ መቆየትን ሳይለማመድ ወረቀት አያገኝም። በባሕረ ኤደን ሲያልፉም ከመርከቡ ጎን ሻኛማው ሲተነፍስ ያዩ ይሆናል፤ ትንፋሹ እንደ ጢስ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሣል።

ለዋናው ትምህርት ግን ማሠልጠኛው ድረስ መሄድ የለም። ከቆቦ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ በሐይቅ ከተማ ያልፋል፤ ሐይቁም ከአውራ ጎዳናው ብዙ አይርቅም።