ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ማዞሪያውን አጽዱት

እሑድ ጠዋት አምልኮው ደስ በሚል ሁኔታ እየሄደ ሳለ በድንገት ከስፒከሩ ውስጥ «ኽርር… ቸር ቸር» የሚል ድምፅ ወጥቶ ጉባኤው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ መድረኩ ያየበት ቀን የለም ትላላችሁ? ትኩስ ዘይት ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል። ሳውንድ የሚቆጣጠረው ወንድም ወደ ሚክሰሩ ይሮጣል፣ መዘምራኑ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ጊታር የያዘው ልጅ ደግሞ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ በኋላ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፦ «ይህ ልጅ ዕቃ አያያዝ አያውቅም።»

እኔም ብያለሁ። እንዲያውም ከሁሉ የከፋውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሊድ ጊታር የሚጫወተው ወጣት ለሁለት ወር ያህል የጊታሩን ድምፅ ከመጨረሻው ላይ አልቀንስም አለ። መዝሙሩ ረጋ ሲል፣ ሰው ለጸሎት ሲነሣ፣ ጊታሩ ያው ነው፤ ይጮኻል። ሽማግሌዎች ለባለቤቴ ስሞታ አቀረቡ፤ ባለቤቴ ለእኔ ነገረኝ፤ እኔም በቅዳሜው ልምምድ ልጁን በጓደኞቹ ፊት «ትሕትና ካልተማርክ ጊታሩን አስቀምጠው» አልኩት። አንዲት ቃል አልመለሰልኝም። ሁለት እሑድ ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ሳነጋግረው ነው፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ መቀነስ ጠልቼ አይደለም። ቮልዩሙን ስነካው ይንኮሻኮሻል። ጉባኤውን እንዳይረብሽ ብዬ ነው ሞልቼ የምተወው» ያለኝ።

ጥፋቱ ሳንቲም የምታህል የአንዲት ማዞሪያ ሆኖ ሳለ እኛ የሰው ልብ ሰበርን። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ በዚያው በጓደኞቹ ፊት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በቤታችን ሌላ ጣጣ መጣ። ባለቤቴ ለጋስ ሰው ነው፤ «ከቤት ወጪያችን ቀንሰን አዲስ ጊታር እንግዛ» አለ። እኔ ደግሞ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰብኩ ነበር። ሁለት ቀን ያህል ተኳረፍን ብል ማጋነን አይሆንም። ጊታሩን አንድ ሱቅ ይዘነው ብንሄድ ሻጩ ሳይከፍተው «ይህማ አልቋል፣ አዲስ ይሻላችኋል» ብሎ መደርደሪያውን አሳየን። ያዳነን ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በመጠገን የሚተዳደር አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ነው። ያን ቀን ካስተማረን ውስጥ በእጄ ሠርቼ ያየሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ ድምፁን አዳምጡት

ይህ ወንድም ቤታችን ሲመጣ ካቻቢቴ ከቦርሳው ሳያወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ሲያዳምጥ ቆየ። ጊታር የሚንጫጫው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለምና። በመጀመሪያ ኬብሉን በሌላ ቀየረው። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ ሌላ ጊታር በዚያው አምፕ ላይ ሰክቶ የአምፑን ማዞሪያዎች አንድ በአንድ ነካካ፤ እነርሱም ራሳቸው ሊቆሽሹ ይችላሉ። ከዚያ ወደ እኛ ጊታር ተመልሶ ኬብሉ የሚሰካበትን ጃክ በጣቱ ወዘወዘ። ሲወዘወዝ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ጃኩ ላልቷል ወይም ሽቦው ተነቅሏል። የፒክአፕ መምረጫዋን ወዲያና ወዲህ ሲሏት ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የመምረጫዋ ነው። የእኛው ግን ቮልዩሙ ሲዞር ብቻ ነበር የሚንኮሻኮሸው፤ ሳይነኩት ጸጥ ይላል። ይህ የማዞሪያው የራሱ ምልክት ነው።

ሳይነኩትም «እምም…» እያለ እንደ ንብ ቀፎ የሚያሰማ ጊታር ሌላ ነገር ነው። የመብራት መስመራችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ፒክአፖች ይህን ከአየር ላይ ይቀበሉታል። ከፍሎረሰንት መብራትና ከስልክ ቻርጀር ራቅ ማለት፣ ወይም ቆም ብሎ ፊትን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ይቀንሰዋል። ማዞሪያውን ብታጸዱት ግን ምንም አይለወጥም። እጃችሁ ክሩን ሲነካ እምምታው ከቀነሰ አትደንግጡ፤ ክሮቹ በሽቦ ከመሬት መስመሩ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ነው።

ይህን ግን በቀልድ አትለፉት። ጊታር የያዘ ሰው ከንፈሩ ማይክሮፎን ሲነካ የሚነዝረው ከሆነ እዚያው አቁሙ። ሶኬቱን ነቅላችሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። ያ የማዞሪያ ቆሻሻ አይደለም፤ የአዳራሹ ወይም የአምፑ የመሬት መስመር ችግር ሊሆን ይችላል፣ መስመሩም 220 ቮልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌስ ሃርቪ የተባለ የስኮትላንድ ጊታሪስት በዌልስ፣ በስዋንዚ ከተማ መድረክ ላይ ማይክሮፎን ሲነካ በኤሌክትሪክ ተይዞ ሞቷል። እምምታውን ለማጥፋት ብለው የአምፑን የመሬት ሽቦ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ፣ በእናንተ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ ካለ ዛሬውኑ አስቁሙት።

ውስጡ ያለው ነገር

ከእጃችን በታች የምትዞረው ፕላስቲክ ቆብ ብቻ ናት። ከሥሯ ያለው ዕቃ ፖቴንሽዮሜትር ይባላል፤ ሙዚቀኞቹ በአጭሩ ፖት ይሉታል። በትንሽ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው የካርቦን መንገድ ተነጥፏል፤ በላዩ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ ትንሸራተታለች። ወደ አንዱ ጫፍ ስትሄድ ድምፁ ይጨምራል፣ ወደ ሌላው ስትሄድ ይቀንሳል። ከውጭ ሦስት እግሮች አሉት፤ ሽቦዎቹ የሚበየዱት በእነርሱ ላይ ነው።

ከፒክአፑ የሚመጣው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። በምላሷና በካርቦኑ መካከል አቧራ ሲገባ ግንኙነቱ ለቅጽበት ይቋረጣል፣ መልሶ ይገናኛል። አምፑ ደግሞ አይመርጥም፤ ያችን መቆራረጥ አጉልቶ ለአዳራሹ ሁሉ ያሰማል። የበጋውን አቧራ የምታውቁ እናቶች፣ ጠዋት የወለወላችሁት ጠረጴዛ ማታ ምን እንደሚመስል አስቡ። ጊታሩ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሳይሸፈን መድረክ ላይ ቆሞ ነው የሚሰነብተው። ላብም ይጨመርበታል። ደግሞ ሳይዞር በአንድ ቦታ ላይ የተተወ ማዞሪያ ይብስበታል፤ ያ ልጅ እንዳይረብሽ ብሎ አለመንካቱ ነገሩን ሳያባብሰው አልቀረም።

ማጽዳት

በመጀመሪያ ያለ ምንም መሣሪያ ሞክሩት። አምፑን አጥፉና ማዞሪያውን ከዜሮ እስከ መጨረሻው፣ ከመጨረሻው እስከ ዜሮ 30 ጊዜ ያህል አመላልሱት። ምላሷ ራሷ ቆሻሻውን ትጠርገዋለች። ለአንድ እሑድ የሚያደርስ እፎይታ ብዙ ጊዜ ይገኝበታል።

ካልበቃ መክፈት ነው። የእኛው ስትራቶካስተር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፌንደር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው፣ አንድ ቮልዩምና ሁለት ቶን ያለው። ክሮቹን አላልተን፣ ፊቱ ላይ ያለውን ፕላስቲክ የያዙትን 11 ብሎኖች ፈታን። እንደ ሌስ ፖል ባሉት ላይ ግን በጀርባ በኩል ትንሽ ክዳን አለች፤ ክሩን መንካት አያስፈልግም። ክዳኑን እንዳነሣችሁ ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ይህን የነገረን ልጃችን ነው፤ በኋላ አንድ ሽቦ ተነቅሎ ሲገኝ ያ ፎቶ አዳነን። ፕላስቲኩንም በኃይል አትሳቡት፤ ወደ ጃኩ የሚሄዱት ሽቦዎች አጫጭር ናቸው።

የሚነፋበት ፈሳሽ ኮንታክት ክሊነር ይባላል፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫዎች ያውቁታል። ስትገዙ ለማዞሪያ የሚሆን፣ የሚያለሰልስ ቅባት ያለበት መሆኑን ጠይቁ። ቅባት የሌለው ዓይነት ከፋብሪካው የተቀባውን ግራሶ አብሮ ያጥበውና ማዞሪያው ልል ይሆናል፤ ቶሎም ያልቃል። የመኪና ዘይት፣ ቤንዚን፣ ሽቶ አይሞከርም። በብዙ ቤት የሚገኘው ተራው ደብልዩ ዲ 40ም ለዚህ የተሠራ አይደለም። (ባለቤቴ የበር ማጠፊያ ያስለቀቀበት ስለሆነ ለሁሉም ነገር ይሆናል ብሎ ያምናል። ጠርሙሱን ደበቅሁት።)

በእግሮቹ በላይ በኩል ክፍተት ታያላችሁ። የፈሳሹን ቀጭን ቱቦ እዚያ አስገብታችሁ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ብቻ ነፋ አድርጉ። ከዚያ ወዲያው 20 ወይም 30 ጊዜ አመላልሱት። የጊታሩን ቀለም አስቀድማችሁ በጨርቅ ሸፍኑ፤ አንዳንዱ ፈሳሽ ቀለምና ፕላስቲክ ይበላል። መስኮት ክፈቱ፤ በእሳት የሚያያዝ ዓይነትም ስላለ ከሰልና ሻማ አይኑር። ቡና እያፈላችሁ አትሥሩ ማለቴ ነው። በደንብ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ክዳኑን ግጠሙ። ያን ቀን ቮልዩሙን ሲያዞረው ከስፒከሩ ምንም አልወጣም። ልጁ ደግሞ ደጋግሞ እያዞረ፣ ደጋግሞ ይስቅ ነበር።

ሲብስ መቀየር

ካጸዳችሁት በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ወይም በአንድ ቦታ ላይ ድምፁ ጭራሽ ከጠፋ ካርቦኑ ተፍቋል። በዚህ ጊዜ ደጋግሞ መንፋት ብር ማባከን ነው፤ ይቀየር። የእኛው ቮልዩም ከስምንት ወር በኋላ እዚህ ደረሰ። የአንዱ ማዞሪያ ዋጋ ግን ከአዲስ ጊታር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስትገዙ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ላዩ ላይ ኤ250ኬ ወይም ቢ500ኬ የሚመስል ጽሑፍ አለ። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ላላቸው 250፣ ሁለት ጥቅል ላላቸው ሃምበከር ለሚባሉት ደግሞ 500 ኪሎ ኦም የተለመደ ነው። ትልቁ ቁጥር ድምፁን ብሩህ፣ ትንሹ ደብዘዝ ያደርገዋል። ባትሪ የሚጠቀሙ ፒክአፖች ግን ብዙ ጊዜ 25 ብቻ ስለሚፈልጉ አትቀላቅሉ። ፊደሏም ትርጉም አላት፦ በአሁኖቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤ ማለት ለጆሮ እንዲመች ቀስ እያለ የሚጨምር፣ ቢ ማለት እኩል እያለ የሚጨምር ነው። ይህን ሁሉ ገዝታችሁ ዘንጉ ከፕላስቲክ ቆቡ ጋር አልገጥም ቢል ያበሽቃል፤ አንዱ ዘንግ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ሌላው ድፍን ነውና። አንገቱም አንዳንዱ ወፈር ያለ ስለሆነ በቀዳዳው አልገባ ይላል። እኛ መርካቶ ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል።

ብየዳውን ለሚያውቅ ሰው ብትሰጡት ይሻላል። ራሳችሁ ከሞከራችሁ ግን ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛውሩ እንጂ ሁሉንም ነቅላችሁ አትጀምሩ። ካውያው በደንብ ይጋል፤ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። እግሩን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ነክቶ መልቀቅ ነው፤ የቀዘቀዘ ካውያ ይዞ መቆየት ነው አዲሱን ማዞሪያ የሚያቃጥለው። ብዙው የብየዳ ሽቦ እርሳስ አለበት። እኛ ባለማወቅ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነበር የሠራነው፤ እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ከዚያ ይራቁ፣ ጭሱ በመስኮት ይውጣ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። እጃችሁ የገባው ጊታር በዕድሜ የገፋ ከሆነ ከመቀየራችሁ በፊት የማዞሪያውን ቁጥር አንብቡ። 137 ብሎ የሚጀምር ሲቲኤስ የሚባል የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ቀጥሎ 6612 ካለ በ1966 በ12ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጊታር ከነአሮጌ ዕቃው ነው ዋጋ ያለው፤ ማጽዳቱን ብቻ አድርጉለት፤ የግድ ከተቀየረም አሮጌውን አትጣሉት።

የእኛው ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ለብሶ ነው የሚያድረው። ልጁም ጸሎት ሲጀመር ቮልዩሙን በትንሹ ጣቱ ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛዋ የቶን ማዞሪያ ግን እስከ ዛሬ ትንሽ ትንኮሻኮሻለች። መለወጫዋ ተገዝታ ቁም ሳጥናችን ውስጥ አለች፤ የሚመጣው ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ልጁ ራሱ ሊበይዳት ተቀጣጥረናል፤ በዚህ ጊዜ በረንዳ ላይ።