የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች፦ ከቅርጻቸው ወደ ሥራቸው

በሆሳዕና ዙሪያ፣ እንዲሁም በከምባታ ከዱራሜ እስከ ዶዮገና ባሉት ቀበሌዎች፣ በጓሮ የቆመ እንሰት የቤተሰብ የምግብ ተቀማጭ ነው። አንድ እንሰት ለቆጮ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ አጠውልግ የገባበት ማሳ ግን የእነዚያን ዓመታት ድካም በወራት ውስጥ ሊያጣ ይችላል። በሽታው በአብዛኛው ከመሃል ቅጠል መጠውለግና ቢጫ መሆን ይጀምራል። የታመመው ግንድ ሲቆረጥም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ይህ ጽሑፍ ያ ፈሳሽ በየትኞቹ ኢንዛይሞች እንደሚሠራና ባክቴሪያው የተክሉን መከላከያ በምን ዓይነት ፕሮቲን እንደሚያሰናክል ያብራራል። በሽታውን ፈጽሞ የሚቋቋም የእንሰት ዝርያ እስካሁን አልተገኘም፤ መዝያን የመሳሰሉት ያሳዩት አንጻራዊ ቻይነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከቤተ ሙከራ ውጭም ክብደት አለው።

ተውሳኩን ለይተው በሳይንሳዊ ስም ያስመዘገቡት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው (እ.ኤ.አ. 1968)። ሁለቱ በ1974 ሙዝንም እንደሚያጠቃ ገለጹ፤ በ2001 በሽታው በዩጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ታየ። የመጀመሪያ ስሙ ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም ነበር፤ ኋላም በዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ሥር ተመደበ፤ በ2020 ደግሞ ወደ ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ተዛወረ። የቆዩ ጽሑፎችን የሚፈልግ ተማሪ ሦስቱንም ስሞች ማወቅ አለበት፤ አለበለዚያ የአገሩ ተመራማሪዎች የሠሩት ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ዝልግልጉን ፈሳሽ የሚያወፍረው ዛንታን የተባለ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። በቅርብ ዘመዱ በዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ እንደተጠናው፣ ሥራው በገም ኢንዛይሞች ተከፋፍሏል። ገምዲ የመጀመሪያውን ግሉኮስ በሕዋስ ሽፋን ላይ ካለ የቅባት ተሸካሚ ጋር ያያይዛል፤ ገምኤም ሁለተኛውን ግሉኮስ፣ ገምኤች ማኖስን፣ ገምኬ ግሉኩሮኒክ አሲድን፣ ገምአይ የመጨረሻውን ማኖስ ይጨምራሉ። እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚቀበለው ከእርሱ በፊት ያለው የሠራውን ቅርጽ ብቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ አይዛባም። ባለአምስት ስኳሩ አሃድ ከተጠናቀቀ በኋላ እርስ በርሱ ተቀጣጥሎ ከሕዋሱ ይወጣል። ዛንታን የተክሉን ውኃ አመላላሽ ቱቦዎች ለመድፈን ያግዛል፤ አሉታዊ ሙል ያላቸው ጎኖቹም ካልሲየምን ይይዛሉ። ተክሉ የጥቃት ምልክት ለማስተላለፍ ከሕዋሱ ውጭ ያለ ካልሲየም ስለሚያስፈልገው፣ ሙጫው መከላከያውንም ያዳክማል። (ይኸው ዛንታን በፋብሪካ ተመርቶ ለምግብ ማወፈሪያነት ይሸጣል፤ በራሱ መርዝ አይደለም።)

ባክቴሪያው የእንሰትን ገላ በራሱ አይበሳም። በአብዛኛው የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ ቁስሉን ከሚፈጥሩት ዋነኛው ደግሞ የታመመውን ቆርጦ ወደ ጤነኛው የሚሻገር ቢላዋ ነው። ከገባ በኋላ ግን የራሱ መርፌ አለው። ሦስተኛው ዓይነት የፕሮቲን ማስወጫ ሥርዓት የሚባለው ይህ መሣሪያ ከባክቴሪያው ሁለት ሽፋኖች አልፎ እስከ ተክሉ ሕዋስ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ነው። የውስጥ ስፋቱ ሁለት ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ የታጠፈ ፕሮቲን አያሳልፍም። በመሠረቱ ላይ ያለ ኤቲፒን የሚሰብር ኢንዛይም ፕሮቲኑን ሲዘረጋው እንደ ክር ያልፍና በተክሉ ሕዋስ ውስጥ እንደገና ይታጠፋል። በዚህ መንገድ የሚላኩት ፕሮቲኖች ኢፌክተር ይባላሉ።

የተውሳኩ ረቂቅ ጂኖም ሲነበብ ከተገኙት ውስጥ የዮፕጄ ቤተሰብ አባላት የሚመስሉ ሁለት ፕሮቲኖች ይገኙበታል። ቤተሰቡ ስሙን ያገኘው የፔስት ተውሳክ በሚገኝበት የየርሲንያ ወገን ካለ ፕሮቲን ነው። በንቁ ቦታቸው ሂስቲዲን፣ አንድ አሲዳማ አሚኖ አሲድና ሲስቴይን በቅርብ ይገናኛሉ፤ ይህም የፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች መለያ ስለሆነ ለዓመታት ቆራጭ ተብለው ተመደቡ። በ2006 የታተመ ምርምር ግን ዮፕጄ የሚያደርገው ሌላ መሆኑን አሳየ፦ ለመከላከያ ምልክት በሚያስፈልጉ ኪናዞች ሴሪንና ትሪዮኒን ላይ አሴቲል ይለጥፋል። ፎስፌት ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ ስለተያዘ ምልክቱ ይቋረጣል። ከቅደም ተከተል ተመሳሳይነት ብቻ ሥራን መተንበይ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኢንዛይሙ የሚነቃው ደግሞ በባለኒውክለስ ሕዋሳት ውስጥ በሚገኘው ኢኖሲቶል ሄክሳፎስፌት ነው፤ በባክቴሪያው ውስጥ ሳለ ተኝቶ፣ ዒላማው ጋ ሲደርስ ይነቃል።

የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው የራልስቶንያ ፖፕፒ2 ለእርባታ ፍንጭ ይሰጣል። ፖፕፒ2 የመከላከያ ጂኖችን የሚያዝዙ ወርኪ የተባሉ ፕሮቲኖችን አሴቲል በመለጠፍ ከዲኤንኤ ያላቅቃል። አራቢዶፕሲስ የተባለችው የሙከራ ተክል ግን በአንዱ ተቋቋሚ ፕሮቲኗ ላይ የወርኪ አካል እንደ ወጥመድ ተቀጥሎላታል፤ ኢንዛይሙ ያንን ሲነካ ማንቂያው ይደወላል። እንሰትም ተመሳሳይ ወጥመድ ይኖረው እንደሆነ ከመፈለጋችን በፊት፣ ሁለቱ ኢፌክተሮች ለበሽታው ያላቸው ድርሻ መለካት አለበት። ቀጥተኛው መንገድ የንቁ ቦታውን ሲስቴይን በአላኒን ተክቶ፣ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ባክቴሪያ በተዘጋ መጠለያ ውስጥ በእንሰት ችግኞች ላይ ማነጻጸር ነው። የተውሳኩ ናሙናዎች በሁለት ንዑስ የዘር ሐረጎች ስለሚከፈሉ፣ የሚመረጠው ኢፌክተር በሁለቱም መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ንጽጽሩ መዝያንና ተጋላጭ የሆኑ የሀዲያና የከምባታ ዝርያዎችን ጎን ለጎን ቢያካትት፣ የመዝያ ቻይነት ከኢፌክተሮቹ ጋር ይያያዝ እንደሆነ በዚያው ሙከራ መመርመር ይቻላል።